ለሩጫ ሌላ፣ ለብረት ሌላ፦ ጂም ይዘነው የምንሄደው ጫማ የቱ ይሁን?

ክረምት ሲገባ የጂማችን በር የጫማ ሱቅ ይመስላል። ያለነው ኮዬ ፈጬ ነው። ከታክሲ ወርዶ ጂሙ ድረስ ያለው መንገድ ዋልካ አፈር ነው፤ ሲዘንብ ጫማ ይይዛል እንጂ አይለቅም። ስለዚህ ሰው ሁሉ በር ላይ ጭቃውን ያራግፋል፣ ከፌስታል ሌላ ጫማ ያወጣል፣ ይቀይራል። እኔ ያን ሰዓት ቆሜ ማየት እወዳለሁ። ከፌስታሉ የማይወጣ ነገር የለም። ሶሉ እንደ ዳቦ ያበጠ ስኒከር፣ ሸራ፣ የፉትሳል ጫማ፣ ነጠላ ጫማ። አንዳንዱማ ካልሲ ብቻ ነው የሚያወጣው።

ከሦስት ዓመት በፊት እኔ የማወጣው ያንን ያበጠውን ስኒከር ነበር። የሸጠልኝ ልጅ ሶሉን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን እያደረገ፣ «እየው፣ ፍራሽ ላይ የምትራመድ ነው የሚመስልህ» አለኝ። አልዋሸም። ችግሩ እኔ 90 ኪሎ ተሸክሜ ፍራሽ ላይ መቆሜ ነው። ስኳት ስሠራ፣ ባሩን (ክብደቱ የሚሰካበትን ረጅም ብረት) ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቁጢጥ ብዬ ስነሣ፣ ቀኝ እግሬ ወደ ውስጥ ተጣመመ። ጉልበቴ ተከተለው። ባሩ አዘነበለ። ከኋላዬ የነበረው ኮች ባይደርስልኝ ዛሬ የምጽፈው ስለ ጫማ ሳይሆን ስለ ወጌሻ ነበር። ባሩን መለሰና ጉልበቴን አላየም፤ ጫማዬን አየ። «ይኼን ለአስፓልት አድርገው» ብሎኝ ሄደ።

የሩጫ ጫማ መጥፎ ጫማ ሆኖ አይደለም። ሥራው ሌላ ነው። ሯጭ እግሩ መሬት በነካ ቁጥር የሚመጣበትን ምት ሶሉ እንዲውጥለት ይፈልጋል። ለዚህ ነው ከሥሩ ኢቪኤ የሚባል ቀላል ስፖንጅ የሚደረግለት። ስፖንጅ ሲጫኑት ይሰምጣል። እኩል ቢሰምጥ ባልከፋ። ግን ክብደቱ ትንሽ ወደ ተረከዝ ወይም ወደ ጎን ሲያደላ፣ የሚሰምጠው በዚያ በኩል ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሰውነት ሚዛኑን ለመጠበቅ ይታገላል። ባሩን ማንሣት የነበረበት ጉልበት እዚያ ያልቃል። ባዶ ባር፣ 20 ኪሎ ብቻ የያዘ ጀማሪ ይኼ ላይሰማው ይችላል። ጉዱ የሚታየው ክብደት ሲጨመር ነው።

እንግዲህ ለብረት የሚሆነው ጫማ ሱቅ ውስጥ «ይኼ እንኳ ደረቅ ነው» ተብሎ የሚናቀው ነው። ደረቅ የሚባለውም ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ፣ አንድ በአንድ እንየው።

ሸራ ጫማ

ምረጥ ብትሉኝ መጀመሪያ የምጠራው ሸራን ነው። ከሥር ጠፍጣፋ ጎማ፣ ከላይ ሸራ፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ከሁሉም የታወቀው ኮንቨርስ ነው፤ ኦልስታር የሚሉትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1917 ሲወጣ ለቅርጫት ኳስ ነበር። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ከተዉት ቆይተዋል፤ ብረት አንሺዎች ወረሱት። ሶሉ አይሰምጥም። ተረከዙና የጣቱ በኩል እኩል ነው። ረጅሙንም ብታደርጉ ከላይ ያለው ጨርቅ ለስላሳ ስለሆነ ቁርጭምጭሚት እንዳይታጠፍ አይከለክልም። ቫንስም የዚያው ቤተሰብ ነው።

ኮንቨርስ ካላገኛችሁም አትጨነቁ። ተማሪ ሳለን ለስፖርት ክፍለ ጊዜ እናደርገው የነበረው ተራ ሸራ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ጉድለት አለው፤ አልደብቅም። ኮንቨርስ ከፊት ጠበብ ይላል። ከባድ ነገር ሲነሣ ደግሞ ጣቶች ተዘርግተው መሬቱን መያዝ አለባቸው። እግራችሁ ሰፊ ከሆነ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ተረከዛችሁ ውስጡ መንሸራተት ከጀመረ ግን ሌላ ሞዴል ፈልጉ። ከጎን እግርን የሚደግፍ ነገርም የለውም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የርካሹ ሸራ ሶል ነው። አንዳንዱ ጎማ ይመስላል እንጂ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ ሴራሚክ ላይ እንደ ሳሙና ይሸሻል። የእኛ ጂም ቤቱ ለሱቅ የተሠራ ስለሆነ ግማሹ ወለል ሴራሚክ ነው። የእናንተም ሰፈር ጂም ኮንዶሚኒየም ሥር ከሆነ ያው ነው። ሱቁ ውስጥ ጫማውን አድርጋችሁ አንድ እግራችሁን ወደ ጎን ገፋ አድርጉት። ከሸሸ አትግዙት።

የፉትሳል ጫማ ያለው ሰው ምንም መግዛት አያስፈልገው ይሆናል። ታኬታ አላልኩም! ታኬታ አድርጎ የመጣ ልጅ አይተናል፤ ኮቹ ከበር መለሰው። የፉትሳሉ ግን ሶሉ ጠፍጣፋ ጎማ ነው፣ ሴራሚክ ይነክሳል፣ ከጎንም እግር ይይዛል። አንዳንዱ ተረከዙ ውስጥ ስፖንጅ አለበት። በአውራ ጣት ተጭናችሁ ፈትሹት፤ ሻጮቹ ለልስላሴው ማሳያ የሚያደርጉትን እናንተ ለድርቀቱ አድርጉት።

ዴድሊፍት ለሚወዱ

ዴድሊፍት ባሩን ከመሬት አንሥቶ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። እዚህ ላይ የሶል ድርቀት ብቻውን አይበቃም፤ ውፍረቱም ጉዳይ ነው። ሶሉ 3 ሴንቲሜትር ከፍ ካደረጋችሁ፣ ባሩንም ቀጥ ብላችሁ እስክትቆሙ 3 ሴንቲሜትር አስበልጣችሁ መሳብ ግድ ነው። ስትጀምሩም ያንኑ ያህል ይበልጥ ትጎነበሳላችሁ። ውድድር የሚገቡ ሰዎች እንደ ካልሲ የሳሳ፣ የቤት ጫማ የመሰለ ነገር የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

የከተማ ዳር ጂም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ባሩ ጫፍና ጫፍ ላይ ከሚሰኩት ክብ ክብደቶች ደረጃውን የጠበቀው ትልቁ ዲያሜትሩ 45 ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ የባሩ መሃል ከመሬት 22.5 ሴንቲሜትር ላይ ይቀመጣል። የእኛ ጂም ክብደቶች ግን ግማሾቹ ብየዳ ቤት የተቆረጡ ናቸው። የቀሩት የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ የተሞላ ሲሚንቶ ነው። አንድ ቀን ሜትር ይዤ ሄጄ ትልቁን ለካሁት፤ 34 ሴንቲሜትር። ባሩ ከመሬት 17 ሴንቲሜትር ላይ ነው ማለት ነው። ከደንበኛው በ5.5 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሏል። እዚያ ላይ 3 ሴንቲሜትር ሶል ስትጨምሩበት፣ ወገብ ሳይጎብጥ ባሩ ጋ መድረስ ለብዙ ሰው አይሆንም። ሰውየው ግን «ወገቤ ደካማ ነው» እያለ ይዞራል። ወገቡ ምን አደረገ?

እኛ ያደረግነው ሁለት ነገር ነው። ለዴድሊፍት ስስ ሶል፣ ከክብደቶቹ ሥር ደግሞ ወፍራም ጣውላ። መጀመሪያ ብሎኬት አስቀምጠን ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ተሰነጠቀ። ጣውላው እስካሁን አለ።

«ታዲያ ባዶ እግር አይሻልም?» የሚል አይጠፋም። ይኼ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር አንዱ አበበ ቢቂላን ይጠራል። እውነት ነው፤ አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸንፏል። በ1964 ቶኪዮ ላይ የደገመው ግን ጫማ አድርጎ ነው፤ ያውም ሰዓቱን ከ3 ደቂቃ በላይ አሻሽሎ። ደግሞም ሮም ላይ እግሩ ላይ ክብደት የሚጥልበት ሰው አልነበረም።

ቀልዱን ትተን፣ ባዶ እግር ለዴድሊፍት ጥሩ ስሜት አለው። መሬቱን ታገኙታላችሁ። ግን ሐምሌ ላይ የሲሚንቶ ወለል በጠዋት ሞክሩትና ንገሩኝ። የብዙ ሰው ላብ ያረፈበት ወለል የእግር ፈንገስ ያጋባል። ካልሲ ብቻውን ደግሞ ሴራሚክ ላይ አደጋ ነው፤ በተለይ እግሩን ሰፋ አድርጎ ለሚቆም። ውድድር የሚያስብ ካለም፣ የዓለም አቀፉ ፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽን ሕግ ጫማ ያስገድዳል። የሶሉም ቁመት ከ5 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ ይላል።

ባለ ታኮው

አሁን ሰው ወደሚጓጓለት እንምጣ። ኦሊምፒክ ላይ ክብደት አንሺዎች አድርገውት የምታዩት፣ ከላይ ቀበቶ ያለው፣ ተረከዙ ከፍ ያለው ጫማ ነው። ከታወቁት ውስጥ የአዲዳስ አዲፓወርና የናይክ ሮማሊዮስ ይገኙበታል። ታኮው ድሮ ከእንጨት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ የሚበዛው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ተረከዙ ከጣቱ በኩል አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 22 ሚሊሜትር ይበልጣል።

ጥቅሙ እንዲህ ነው። ስኳት በደንብ ለመውረድ ጉልበት ወደ ፊት መሄድ አለበት። ጉልበት ወደ ፊት የሚሄደው ቁርጭምጭሚት ሲታጠፍ ነው። ቁርጭምጭሚቱ እንቢ ያለው ሰው ወይ ተረከዙ ከመሬት ይነሣል፣ ወይ ደረቱ ወደ መሬት ይደፋል። ታኮው ተረከዙን አስቀድሞ ከፍ ስለሚያደርግለት ደረቱን ቀና አድርጎ ይወርዳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። «እኔ እኮ ስኳት የሚመቸኝ በሩጫ ጫማ ነው» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። የተለመደው የሩጫ ጫማ ተረከዙ ከ8 እስከ 12 ሚሊሜትር ከፍ ያለ ነው። የወደዱት ያንን ከፍታ ነው። ከፍታው ግን ስፖንጅ ላይ የቆመ ነው። እነዚህ ሰዎች ናቸው ከማንም በላይ ባለ ታኮ የሚጠቅማቸው።

እናንተ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ለማወቅ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ጫማ አውልቁና ግድግዳ ፊት ቁሙ። አውራ ጣታችሁን ከግድግዳው ግማሽ ስንዝር፣ 10 ሴንቲሜትር ያህል አርቁት። ተረከዛችሁ ሳይነሣ ጉልበታችሁ ግድግዳውን ከነካ ቁርጭምጭሚታችሁ ደህና ነው፤ ሸራ ይበቃችኋል። ካልነካ ሁለተኛውን ሞክሩ። ባዶ ባር ይዛችሁ፣ ከሁለቱም ተረከዝ ሥር ሁለት ሴንቲሜትር የሚሆን ጣውላ አድርጋችሁ ስኳት ውረዱ። ወዲያው ከተስተካከለ መልሱ ታኮ ነው። ካልተስተካከለ ችግሩ ሌላ ቦታ ነውና ኮቻችሁን ጠይቁ። ጣውላው ግን ለሙከራ ብቻ ነው። ከባድ ጭኖ ጣውላ ላይ መቆም ወዳጅ አይመክርም።

የባለ ታኮው ክፋት ለሌላ ነገር አለመሆኑ ነው። ዴድሊፍት ላይ ወደ ፊት ይገፋችኋል፣ ከፍም ያደርጋችኋል። አይሮጥበትም። ጭቃ ላይማ እንዳታስቡት። ዋጋውም ይከብዳል፤ ሰፈር ሱቅ ውስጥም አይቼው አላውቅም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ደውሎ «ምን ላምጣልህ?» ሲላችሁ፣ ከሽቶና ከስልክ ሌላ የምትሉት አገኛችሁ።

እኔ ዘመድ ስላልመጣልኝ ጫማ ሰፊ ጋ ሄድኩ። አንድ ሸራ ይዤ፣ ከተረከዙ ሥር 1.5 ሴንቲሜትር ጠንካራ ጎማ እንዲጨምርልኝ ጠየቅኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና «ለሠርግ ነው?» አለኝ። ቁመት የጎደለኝ መስሎት ነው። አስረዳሁት፤ ያመነኝ አይመስለኝም። በማስቲሽ ለጥፎ ሰጠኝ። ቤት ወስጄ መስታወት ላይ ሳስቀምጠው የግራው ከቀኙ በ4 ሚሊሜትር በለጠ። መንገድ ላይ ቢሆን ማንም አያስተውለውም። ትከሻ ላይ 100 ኪሎ ሲኖር ግን ዳሌና ወገብ ያውቁታል። መልሼ ወሰድኩለት። ሁለቱንም ከአንድ ጎማ ላይ ጎን ለጎን ቆርጦ፣ በማስቲሽ ብቻ ሳይሆን በክርም ሰፋው። ሁለት ዓመት ሆነው፤ አልተነቃነቀም።

ይኼን መንገድ የምትሞክሩ ካላችሁ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ጎማው ከውጭ ይሁን። ከውስጥ፣ ተረከዝ ሥር ስታስገቡት እግር ከፍ ብሎ ከጫማው መውጣት ይጀምራል። ስፋቱም ከሶሉ ጋር እኩል ይሁን። ጠበብ ካለ እንደ ሴት ታኮ ያወላግዳል።

መሃል ሰፋሪው

የናይክ ሜትኮንና የሪቦክ ናኖ የሚባሉት ለሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ተረከዛቸው ጠንከር ይላል፣ የፊታቸው ይተጣጠፋል። ገመድ ዘልሎ፣ ትንሽ ሮጦ፣ ከዚያ ስኳት ለሚሠራ ሰው ልክ ናቸው። ስኳት ላይ ባለ ታኮውን፣ ሩጫ ላይ የሩጫውን አያክሉም። አንድ ጫማ ብቻ መግዛት የሚችልና ሥልጠናው የተደባለቀ ሰው ግን እነሱን ቢመርጥ አልከራከረውም። ኮፒያቸው መብዛቱ ነው ችግሩ። ኮፒ የሚቀዳው መልክ ነው፤ ተረከዙ ውስጥ ያለው ነገር ከውጭ አይታይም። ስሙን ትታችሁ አሁንም በአውራ ጣት ተጫኑት።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ኮንጎ ጫማ ሶሉ ደረቅ ነው ብሎ አንድ ጓደኛዬ ሞክሮት ነበር። እግሩ ውስጡ በላብ ሲዋኝ ዋለ። በረባሶ የመኪና ጎማ ስለሆነ ሲሚንቶ ይነክሳል፤ ግን ጎማው ከመጀመሪያውም ክብ ነበርና ሶሉ ጎበጥ ብሎ የሚቀር አለ፣ ያወዛውዛል። ከስክስ ጫማ ከሩጫ ስኒከር ይሻላል። ታኮ አለው፣ አይሰምጥም። ግን ረጅሙ አንገቱ ቁርጭምጭሚትን አንቆ ይይዛል፤ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ነጠላ ጫማ ለሻወር ነው።

ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ባር መግፋት) እና ማሽን ላይ ብቻ የሚውል ሰው ይኼ ሁሉ አይመለከተውም። የማያንሸራትት ይሁን እንጂ ያለውን ያድርግ። ቆሞ ከራሱ በላይ የሚገፋ ግን እንደ ስኳት ይቁጠረው። ባሩ ከራስ በላይ ሲሆን ትንሿም መወዛወዝ ትልቅ ትሆናለች።

ስትገዙ

ከሰዓት በኋላ ግዙ፤ እግር ቀኑን ሲቆም ውሎ ትንሽ ያብጣል። ጂም የምታደርጉትን ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። አድርጋችሁ ሱቁ ውስጥ ስኳት ውረዱ። ሰው ያያል፤ ይይ። የመንገዱንና የብረቱን ጫማ ለዩ። ዋልካ ሶሉ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ድንጋይ ነው የሚሆነው፤ ጠፍጣፋ የነበረው ጫማ ይወላገዳል።

ሰልባጅ ላይ ጥሩ ነገር ይገኛል፤ ግን ዓይን ይፈልጋል። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ከኋላ፣ ከተረከዙ በኩል ጎንበስ ብላችሁ እዩት። የቀድሞው ባለቤት አረማመድ ሶሉን በአንድ ጎን በልቶት ከሆነ ጫማው ያዘነብላል። እናንተም አብራችሁት ታዘነብላላችሁ። አዲስ የሚመስል አሮጌም ይኖራል። ፖሊዩረቴን የሚባለው የሶል ዓይነት ሳይደረግ ለዓመታት ቢቀመጥ እንኳ እርጥበት በልቶት ይፈረካከሳል። ሁለት ሦስት ጊዜ እጠፉትና ስንጥቅ ፈልጉ።

አምና አንድ ቅዳሜ ላስቲክ ላይ ከተከመረ ሰልባጅ መሃል ቀበቶ ያለው፣ ባለ ታኮ ጫማ አየሁ። ልቤ ቀጥ አለች። ትክክለኛው የክብደት ማንሣት ጫማ ነው! ሻጩን ጠየቅኩት፤ «የብስክሌት ነው» አለኝ። አላረምኩትም። ተጫንኩት፤ ድንጋይ ነው። ከኋላ አየሁት፤ ቀጥ ያለ ነው። ቁጥሩን ገልብጬ ሳይ 41። እኔ 43 ነኝ።

ገዛሁት። አሁን ጂሙ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። 41 የሚያደርጉ አራት ሰዎች አሉን፤ በተራ ያደርጉታል፣ ካልሲ ግዴታ ነው። ስኳት ሰኞና ሐሙስ ስለሆነ፣ በእነዚያ ቀናት አራቱም በአንድ ሰዓት ባይመጡ ደስ ይለናል።